ወታደሩን ማን ጠየቀው?

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነው። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ የማጠቃለያ ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከደሴ ግቢ ሰባት ሆነን በአንድ ሚኒባስ ታጭቀን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። ደብተር አልያዝንም። የኮምቦልቻ ግቢ ልጆች፣ የቴክኖሎጂዎቹ ማለታችን ነው፣ «የደሴ ብርድ ጭንቅላታችሁን አደንዝዞታል፤ ቼዝ የምትችሉ ከሆነ ውረዱና እንያችሁ» የሚል መልእክት ልከውብን ኖሮ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልንም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 1,850 ገደማ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ቁልቁለት በመሆኑ፣ ከጦሳ ሥር ሹራብ ለብሶ የወጣ ሰው ኮምቦልቻ የሚደርሰው ሹራቡን በክንዱ አንጠልጥሎ ነው። እኛም እንዲሁ ደረስን።

መጫወቻው ከግቢው ብዙም ሳይርቅ ያለች ሻይ ቤት ነበረች። ሰሌዳው የነሱ ነው፤ አንድ ነጭ ወታደር ጠፍቶበት በምትኩ የለስላሳ ቆርኪ ይቆማል። አራት ጨዋታ ተካሄደ። ሁለቱን ተሸነፍን፣ ሦስተኛው አቻ ወጣ፤ በነሱ ጊዜያችሁን አንወስድም። እስካሁን ያልለቀቀን አራተኛው ነው።

በአራተኛው ነጭ የደረሰው አንድ የሦስተኛ ዓመት የመካኒካል ተማሪ ነበር። ጠጠሮቹን ሲደረድር ቆርኪዋን አንሥቶ ከንጉሡ ጎን ባለው ጳጳስ ፊት አቆማት። ከእኛ አንዱ «ለምን እዚያ?» ቢለው፣ «እሷ ቶሎ ሂያጅ ናት» ብሎ ሣቀ።

ጨዋታው ተጀመረ። ነጩ የንጉሡን ወታደር ሁለት እርምጃ አስኬደ፤ የእኛው ልጅ እንደዚያው መለሰ። በሁለተኛው ተራ ነጩ ቆርኪዋን ሁለት እርምጃ ገፍቶ ከጥቁሩ ወታደር አፍ አስቀመጣት። ብላት ማለቱ ነው። ቼዝ የምትጫወቱ አንባቢያን እንዳወቃችሁት ይህ የንጉሥ ጋምቢት የሚባለው አከፋፈት ነው። ጋምቢት የሚለው ቃል በጣልያንኛ እግር ጠልፎ ከመጣል ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ወደ ቼዝ ቋንቋ ያስገባው በ1561 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያሳተመው የስፔኑ ቄስ ሩይ ሎፔዝ ነው። አሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ወታደር ይሰጥና የጠላት ወታደር ከመሀል ሜዳ ተስቦ ይወጣል፤ መሀሉ ባዶ ይሆናል፤ በጳጳሱ ፊት የነበረው መሥመር ሲከፈት ደግሞ ግንቡ ከጥቁሩ ንጉሥ ጎን ያለችውን፣ ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የሌላትን ቦታ ያነጣጥራል። ዋጋው ምንድነው? አንድ ወታደር፤ በዚያም ላይ የራስን ንጉሥ በር ወለል አድርጎ መክፈት ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የእኛው ልጅ በላ። ነጩ ፈረሱን አወጣ። ጥቁሩ ቆርኪዋን የበላበትን ወታደር በሌላ ወታደር ደገፈ፤ ነጩ ጳጳሱን አወጣ፤ ጥቁሩ ያንኑ ደጋፊ ወታደር ገፍቶ ፈረሱን «ተነሥ» አለው። እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ፈረሱን ያሸሻል። የኮምቦልቻው ልጅ ግን ፈረሱን እንዳላየ ሆኖ ንጉሡን ወደ ጥግ አስገባና ግንቡን አወጣ። ፈረሱ ተበላ። ቡና ይቀዱልን የነበሩት እማማ ጀበናቸውን እንደያዙ «ምነው ልጄ፣ እያየኸው አስበላኸው?» ቢሉ ቤቱ በሣቅ ተናጋ። ሙዚዮ የሚባለው መንገድ ይህ ነው። በዚህም አላበቃ። በሰባተኛው ተራ ሌላ ወታደር፣ በስምንተኛው ጳጳሱን፣ በዘጠነኛው ሦስተኛ ወታደር ሰጠ። የጥቁሩ ንጉሥ ቤቱ ፈርሶበት ሜዳ ላይ ቆመ፤ ነጩም የሚዋጋበት ሠራዊት ሳሳ።

እስከ ሃያኛው ተራ ድረስ ማን እንደሚያሸንፍ የለየ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ጥቃቱ አንዲት ተራ ጎደለው። አንዲት ብቻ! ንግሥቶቹ ተበላሉ፤ የጥቁሩ ትርፍ ጠጠሮች ቀሩ፤ የኮምቦልቻው ልጅ ንጉሡን አስተኝቶ እጁን ለሰላምታ ዘረጋ።

የተጨበጨበው ለተሸናፊው ነው። «ይህ ነው እንጂ መሥዋዕትነት!» አለ አንዱ ከኋላ። አሸናፊው፣ የእኛው ልጅ፣ ጠጠሮቹን ወደ ከረጢቱ ሲመልስ ቆርኪዋን በጣቱ ይዞ ጥቂት ቆየና «ወታደሩን ማን ጠየቀው?» አለ። ሣቅን። እሱ አልሣቀም። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለን።

ታላቅ ወንድሙ በ2014 ዓ.ም. ለዘመቻ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ያን ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደርሶ ምን እንዳደረገ ለናንተ መተረክ አያሻም፤ ብዙዎቻችን ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ የገባንበትም ዩኒቨርሲቲ ከዘረፋውና ከጉዳቱ በኋላ የተጠገነው ነው። ስለ ወንድሙ ከዚህ በላይ እንዳንጽፍ ለምኖናል። ይህችን አንቀጽ ከመታተሟ በፊት ሰጥተነው አንብቧታል፤ ፈቅዷል።

እንግዲህ ሐረጎን ሽቅብ ስንመለስ ሚኒባሱ ሸንጎ ሆነ። ጥያቄው እንዲህ ተቀመጠ፤ ሰው የራሱ ያልሆነን ነገር፣ ይልቁንም ሌላውን ሰው፣ መሥዋዕት ሊያደርግ ይችላል ወይ?

የመጀመሪያው መልስ የሚጠበቀው ነው። «እንጨት ነው እኮ! ምን ነካችሁ? ለእንጨት ልታለቅሱ ነው?» ይህን ያለው ጓደኛችን ሒሳብ ተማሪ ነውና ይቅር ይባላል። እንጨት መሆኑን አልካድንም። እኛን ያሳሰበን እንጨቱ አልነበረም፤ ቃሉ ነበር። ከእንጨቱ ላይ ተነሥቶ ወደ ሰው የሚሄደው፣ ከሰውም ላይ ተነሥቶ ወደ እንጨቱ የሚመለሰው ቃል አንድ ነውና። አንድ ወጣት ሲወድቅ በሬዲዮ የሚነገረው ቃልና ቆርኪዋ ስትበላ ከኋላችን የተጮኸው ቃል አንድ ዓይነት ነው። ቃል ከሰሌዳው ጋር ተጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ አይገባም። ሰው ሰሌዳ ላይ የለመደውን አነጋገር ነው ኋላ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግቶ የሚናገረው።

ከዚያም መሥዋዕት የሚለው ቃል ራሱ ምን ይላል? በጥንት አገባቡ መሥዋዕት አቅራቢው ከራሱ መንጋ መርጦ፣ ከራሱ ጎተራ ሰፍሮ የሚያቀርበው ነው። የጎረቤትን በግ ያረደ ሰው መሥዋዕት አቀረበ አይባልም፤ ሰረቀ ነው የሚባል። እዚህ ላይ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች እህታችን አንድ ነገር አነሣችና ለጥቂት ጊዜ ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። «አብርሃምስ?» አለች። «ልጁን አይደለም ወይ የወሰደው?» ከጎኗ ያለው ወንድማችን ቀበል አድርጎ፣ «በቁርኣኑ ኢብራሂም ልጁን ይጠይቀዋል» አለ። «በሕልሙ ያየውን ይነግረውና አንተስ ምን ታያለህ ይለዋል። ልጁም የታዘዝከውን ፈጽም ብሎ ይመልስለታል።» እሷ ደግሞ በኦሪት ዘፍጥረት እንደተጻፈው ይስሐቅ እንጨቱን ተሸክሞ ሲወጣ በጉ የት እንዳለ አባቱን እንደሚጠይቅ፣ አባቱም በጉን እግዚአብሔር ያዘጋጃል ብሎ እንዳለፈው አስታወሰች። የወሎ ልጆች ነንና ሁለቱንም ታሪክ ከሕፃንነታችን በአንድ ሰፈር ሰምተን ያደግን ነን፤ አንዱን ከሌላው ለማበላለጥ ማንም አልሞከረም። ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ መጠየቅ የሚባለው ነገር መኖሩን ልብ አልን፤ በአንዱ አባት ይጠይቃል፣ በሌላው ልጅ ይጠይቃል። ቆርኪዋ ግን ጠያቂም ተጠያቂም አልነበረችም።

ሁለተኛው መልስ ጠንከር ያለ ነበር። ያቀረበው ሕግ የሚማረው ጓደኛችን ነው፤ እሱ ደግሞ ሲከራከር ሚኒባስ ውስጥም ቢሆን መቆም ይዳዳዋል። «የንጉሥ ጋምቢትን በከንቱ አትክሰሱ» አለ። «ከአከፋፈቶች ሁሉ ሐቀኛው እሱ ነው። የሚሰጠው ወታደር የማን ነው? የንጉሡ የገዛ አጥሩ ነው። ያንን ወታደር የሰጠ ንጉሥ በሩን ከፍቶ፣ ደረቱን ገልጦ ነው የሚቀመጥ። ዳር ያለውን ወታደር አስበልቶ እሱ ከግንብ ጀርባ ቢደበቅ ኖሮ ነውር ነበር። አብሮ የሚጋለጥን ሰው ግን አስገዳይ አትሉትም።»

ይህ አነጋገር ብዙዎቻችንን ማረከን፤ እውነትም አለበት። በዓለም ላይ በእጅጉ የተወደሰው የጋምቢት ጨዋታ ይህንኑ ያሳያል። ጁን 21 ቀን 1851 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አዶልፍ አንደርሰን የተባለው የብሬስላው የሒሳብ መምህር ከሊዮኔል ኪዘሪትስኪ ጋር ከውድድር ውጭ አንድ ጨዋታ ተጫወተ። በሁለተኛው ተራ ወታደሩን ሰጠ። በሦስተኛው ተራ የጠላት ንግሥት በተከፈተው በር መጥታ ንጉሡን ቼክ አለችው፤ በአራተኛው ንጉሡ በእግሩ ለመሸሽ ተገደደ፤ ወደ ግንቡ የመጠጋት መብቱም በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ አንደርሰን አንድ ጳጳስ፣ ሁለቱንም ግንቦች፣ በመጨረሻም ንግሥቱን ሰጥቶ፣ በቀሩት አንድ ጳጳስና ሁለት ፈረሶች አሸነፈ። ዘለዓለማዊው ጨዋታ ይሉታል። ጨዋታውን ለዓለም ያሰራጨው ደግሞ ተሸናፊው ኪዘሪትስኪ ነው፤ ራሱ በሚያዘጋጀው ላ ሬዣንስ በተባለው የፓሪስ መጽሔት አወጣው። የራሱን ሽንፈት! እኛ ይህን ሲነግሩን ባርኔጣ ቢኖረን እናወልቅ ነበር።

ይሁንና ነገሩን ደጋግመን ስናኝከው ሁለት ነገር ጎረበጠን። አንደኛ፣ ኪዘሪትስኪ መጽሔት ነበረው። ተሸንፎም የሚናገርበት፣ «እንዴት ያለ ውብ ሽንፈት!» የሚልበት ገጽ ነበረው። ወታደር መጽሔት የለውም። ሁለተኛ፣ ንጉሡ ተጋለጠ እንበል፤ ግን በቼዝ ሕግ ንጉሥ አይበላም። ማምለጫ ሲያጣ ጨዋታው ያቆማል እንጂ ከሰሌዳው ተነሥቶ የተበሉት ተርታ አይጋደምም። ከሠላሳ ሁለቱ ጠጠሮች ሠላሳዎቹ ሊበሉ ይችላሉ፤ ሁለቱ ግን ጨርሶ አይበሉም። ስለዚህ የንጉሡ መጋለጥና የወታደሩ መጋለጥ በአንድ ሚዛን የሚሰፈር አይደለም። አንዱ የሚያጣው ጨዋታውን ነው፣ ሌላው ራሱን። ሕግ ተማሪው ይህን ሲሰማ «ይግባኝ» ብሎ ተቀመጠ።

ይግባኙን ከታሪክ አመጣው፤ እኛም በደስታ ተቀበልነው፤ ምክንያቱም ታሪኩ ከደሴ ነው የሚነሣው። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን መሻራቸው ሲሰማ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ሸዋ ሠራዊቱን ገና እየሰበሰበ ነበር። በመንገድ ላይ ቶራ መስክ በተባለው ቦታ ራስ ልዑል ሰገድ በጥቂት ጦር ገጠሟቸው። የወሎ ጦር ደመሰሳቸው፤ ራስ ልዑል ሰገድም ከሰዎቻቸው ጋር እዚያው ወደቁ። ከዚያ በኋላ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የዕርቅ የሚመስል መልእክት እየላኩ ንጉሥ ሚካኤልን አዘገዩ፤ የሸዋ ጦር ተሟልቶ ደረሰ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ንጉሡ ተሸንፈው ተማረኩ። የቶራ መስክ ደም የገዛው ጊዜን ነው። በቼዝ ቋንቋ ጋምቢት ነው፤ ወታደር ተሰጠ፣ ተራ ተገኘ፣ በተገኘው ተራ ጨዋታው ተገለበጠ።

«አያችሁ» አለ ሕግ ተማሪው፤ «ልዑል ሰገድ ሰዎቻቸውን አስቀድመው እሳቸው ኋላ አልቀሩም። አብረው ሞቱ። እዚህ ንጉሡ አይበላም የሚለው ክርክራችሁ አይሠራም።» እውነቱን ነው። እኛ የወሎ ልጆች ነንና ሰገሌን የምናነሣው ከልባችን አንዳች ነገር እየተቆነጠረ ነው፤ ቢሆንም ቶራ መስክ ላይ ከኛ ተቃራኒ ለወደቁት ራስ ክብር አንነፍግም። ግን እስቲ ፍረዱን። የራስ ልዑል ሰገድን ስም እናውቃለን። ከእሳቸው ጋር የወደቁትን፣ እሳቸውንም ሲጥሉ የወደቁትን ወሎዬዎች በስም ጥሩልን ብትባሉ ስንቱን ትጠራላችሁ? አብሮ መሞት ትልቅ ነገር ነው፤ ከመስጠት ብቻ በብዙ ይሻላል። ሆኖም አብሮ መሞት መጠየቅ አይደለም። መሪው ለራሱ ወስኖ ሞተ፤ ተከታዩ የሞተው መሪው ስለወሰነ ነው። ክብሩ እንኳ እኩል አልተካፈለም፤ አንዱ በስሙ ሲቀር ሌሎቹ በጅምላ ቀሩ።

ቆርኪዋ እዚህ ላይ ነው ተመልሳ የመጣችብን። የኮምቦልቻው ልጅ ክፉ ልጅ አይደለም፤ የቡናችንን ሒሳብ የከፈለውም እሱ ነው። ግን ሊሰጣት ያሰበውን ወታደር ከስምንቱ መካከል መልክ የሌላትን አድርጎ ነው የመረጠው። ገና አንድም ጠጠር ሳይንቀሳቀስ! እኛም ብንሆን እንደዚያው እናደርግ ነበር። ሰው ሊያጠፋው ያሰበውን ነገር አስቀድሞ መልክ ይነሣዋል። «ኃይል»፣ «ቁጥር»፣ «ግብዓት» ይለዋል። ስም ያለውን መስጠት ይከብዳል፤ ስም የሌለው ግን «ቶሎ ሂያጅ» ነው። መልክ መንሣት ከመሥዋዕቱ ቀድሞ የሚፈጸም ሥራ ስለሆነ ማንም አያየውም፤ ጭብጨባው የሚመጣው ኋላ ነው።

«ካሸነፈስ?» የሚል ሦስተኛ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በሱ ላይ ብዙ አንቆይም። ሲያሸንፍ መሥዋዕት፣ ሲሸነፍ ስሕተት የሚባለው ነገር አንድ ሥራ ነው፤ ቆርኪዋ ሁለቱንም ጊዜ ተበልታለች። የቼዝ ሊቃውንትም ቢሆኑ በዚህ ፍርድ አልጸኑም። በ1960 እ.ኤ.አ. ማር ዴል ፕላታ ላይ ስፓስኪ በዚሁ የንጉሥ ጋምቢት ቦቢ ፊሸርን አሸነፈው። ፊሸር ተናድዶ በዓመቱ ይህ አከፋፈት ከእንግዲህ የፈረሰ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። ኋላ ግን ነጭ ሲደርሰው ራሱ ይጫወተው ነበር። እንግዲህ ከውጤት ተነሥቶ የሚፈርድ ሰው የሚውልበትን አያውቅም።

ደሴ ከገባን በኋላም ነገሩ አልበረደም። ከኛ አንዱ መጻሕፍት ሲያገላብጥ ከርሞ ስለ አባቶቻችን ሰንጠረዥ ያገኘውን ይዞልን መጣ። ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ቁጥር የሚደረደርበት ቅጽ ነው ትዝ የሚለን፤ የጥንቱ ግን የሀገራችን ቼዝ ነው። እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውደን፣ ከየጁ የዘር ሐረግ ከሚመዘዙት ከራስ ዓሊ ጋር በ1849 እ.ኤ.አ. ውል የተዋዋለው ቆንስል፣ ጨዋታውን በዚያ ዘመን መኳንንት ዘንድ አይቶ ጽፎታል፤ መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ጨዋታው ታሪክና ደንብ ሰፋ ያለ ጥናት አውጥተዋል። ሰሌዳው እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ አይደለም፤ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መሥመር የተሠመረበት ነው። ጠጠሮቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባላሉ። መደቅ ማለት ያው የኛ ወታደር ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዳል።

ሁለት ደንቦቹ ከክርክራችን መሀል ገቡ።

አንደኛው ወረራ ይባላል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደፈጠነ፣ የፈለጉትን ያህል እየተንቀሳቀሱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ሌላው ያደረገውን እያዩ የራሳቸውን ይለዋውጣሉ። ከዚህ የበለጠ ቁጡ አከፋፈት ከወዴት ይገኛል? የንጉሥ ጋምቢት ከሱ ጎን ሲቀመጥ የሽማግሌ ጨዋታ ነው። ግን የመጀመሪያው ጠጠር በተበላባት ቅጽበት ወረራው ያበቃል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ይጠብቃል። ይህን ሲያነብልን ደጋግመን አስነበብነው። ምክንያቱም እኛ ያየነው ተቃራኒውን ነው። በሰንጠረዡ የመጀመሪያው ሲበላ ተራ መጠባበቅ ይጀመራል፤ በሀገር ላይ የመጀመሪያው ሲወድቅ ተራ መጠባበቅ የሚባለው ነገር ያበቃል። ሕግ ተማሪው «ሕግ ከደም በኋላ መምጣቱ ምን ያስመሰግናል? ቀድሞ መምጣት ነበረበት» አለ። ልክ ነው፤ ቀድሞ ቢመጣ ማን ይጠላ? ግን ዘግይቶም ቢሆን መምጣቱን፣ አንዲት መደቅ ብቻ ተበልታ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ሰብስበው እርስ በርስ ለመተያየት መገደዳቸውን አትናቁብን። አንዲት መደቅ!

ሁለተኛው ደንብ የሚመለከተው የአሸናፊውን አካሄድ ነው። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻ አያስመሰግንም፤ በምን አሸነፍክ ይባላል። በኃይለኞቹ፣ በደር ወይም በፈረስ፣ ንጉሥን ያጠመደ እንደ ባለሙያ አይቆጠርም፤ በደካሞቹ በፊልና በፈርዝ ያጠመደ ይወደሳል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማጥመድ አይቻልም። ሁሉን በልተህ ከጨረስክ ድል የለህም። ስለዚህ ማሸነፍ የሚሻ ተጫዋች እየበላም ቢሆን መቁጠር አለበት፤ ከጠላቱ ሰዎች የተወሰኑትን አትርፎ ማቆየት አለበት። የራሱን አይደለም፣ የጠላቱን! ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች ስለ ርኅራኄ አስበው ይሁን ስለ ጨዋታ ውበት፣ እጃቸው ግን መልካም ቦታ ላይ አርፏል። ሒሳብ ተማሪው «ታዲያ ወታደሩን እዚህስ ማን ጠየቀው?» ቢል መልስ አልነበረንም። በሰንጠረዥም መደቅ አትጠየቅም። ግን ቢያንስ መቆጠር አላት፤ አለመኖሯ አሸናፊውን ያስከፍለዋል።

ከዚያ ወዲህ ዶርም ውስጥ በሰንጠረዥ ደንብ ሞክረን ነበር። ወረራው ላይ ጠጠር ተወረወረ፣ ሻይ ተደፋ፣ የመብራት ጥበቃው መጥቶ ተቆጣን። በሚገባ አልቻልንበትም።

የእኛው ልጅ በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ አንድም ቀን አልተሳተፈም። ጥያቄውን የወረወረው እሱ ነው፤ እኛ ስናነሣና ስንጥል ዝም ብሎ ይሰማል። ባለፈው ወር ግን የኮምቦልቻው ልጅ መልእክት ላከለት። ጨዋታውን ከሰኔ ጀምሮ ሲመረምር ከርሞ በአሥራ ሰባተኛው ተራ ንግሥቱን ትቶ ግንቡን ቢያስቀድም ኖሮ ያቺ የጎደለችው አንዲት ተራ ትገኝ እንደነበር ደረሰበት። «ፈረሱም ጳጳሱም በከንቱ ባልሄዱ ነበር» ይላል መጨረሻው ላይ። የእኛው ልጅ ሰሌዳ ዘርግቶ እስከ እኩለ ሌሊት አየው። በማግሥቱ ቁርስ ላይ «ልክ ነው፤ ያሸንፈኝ ነበር» አለን። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

የሚቀጥለው ግጥሚያ ደሴ ነው። ሰሌዳውን እነሱ ይዘው ይመጣሉ፤ ቆርኪዋ እንዳለች ናት ብለውናል። ዕጣ ወጥቶ ነጭ የደረሰው የእኛው ልጅ ነው።